ለንደንን ቀበቶ ያስታጠቁት ሰው፡ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ (1879 – 1957)

የከተማ ፕላን የተማረ ሰው ሁሉ ስማቸውን አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም፡፡ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን በአንድ መስመር ነው፤ በ1956 የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የሠሩ እንግሊዛዊ ተብሎ ይታለፋል፡፡ ፈተና ላይ ስምና ዓመቱን የጻፈ ነጥቡን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስታውሳቸዋል? እኔም እንደዚያው ነበርኩ፡፡ ለአንድ ኮርስ የመስክ ሥራ ወደ ከተማው ዳርቻ ወጥተን ያየሁት ነገር ነው ወደ እኚህ ሰው የሕይወት ታሪክ የመለሰኝ፡፡ ስለ መስኩ ወደ ኋላ ላይ አነሳዋለሁ፡፡ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ሌስሊ ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1879 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ማንቸስተር አጠገብ በምትገኝ አሽተን አፖን መርሲ በምትባል ቦታ ተወለዱ፡፡ አባታቸው የማንቸስተር የአክሲዮን ደላላ ነበሩ፤ ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል፣ ፓትሪክ ሰባተኛው ናቸው፡፡ ታናሽ ወንድማቸው ላሴልስ በዘመኑ ስም ያወጣ ገጣሚ ሆኗል፡፡ ቦታው በራሱ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል፡፡ ማንቸስተር ያን ጊዜ በጥጥ ፋብሪካዎቿ የዓለም ስም ያላት፣ በጭሷ ደግሞ የምትታወቅ ከተማ ነበረች፡፡ ገንዘብ ያለው ሰው ከጭሱ ሸሽቶ ወደ ዳር ይወጣል፤ ባቡሩም ይከተለዋል፤ ከባቡሩ ኋላ ቤት ሠሪው ይደርሳል፡፡ የአበርክሮምቢ ቤተሰብም ከእነዚያ ወደ ዳር ከወጡት አንዱ መሆኑን ልብ በሉልኝ፡፡ የከተማን መስፋፋት ሲታገሉ የኖሩት ሰው ያደጉት እዚያው መስፋፋቱ ውስጥ ነው፡፡

በ18 ዓመታቸው በማንቸስተር አንድ አርክቴክት ቢሮ ውስጥ በተለማማጅነት ገቡ፡፡ በዚያን ጊዜ የአርክቴክቸር ሙያ በአብዛኛው የሚለመደው እንደ ማንኛውም የእጅ ሙያ ከባለሙያ ሥር ተቀምጦ ነበር፡፡ በኋላ ወደ ሊቨርፑል ተሻግረው በ1907 በዩኒቨርሲቲው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኑ፡፡

እዚህ ላይ አንድ የሳሙና ነጋዴ ይገባል፡፡ ዊሊያም ሊቨር በሳሙና ንግድ የከበሩ፣ ለሠራተኞቻቸውም ፖርት ሰንላይት የተባለ የመኖሪያ መንደር የሠሩ ባለሀብት ናቸው፡፡ ጋዜጦች ስሜን አጠፉ ብለው ከሰው ትልቅ ካሳ አገኙ፤ ከዚያ ገንዘብ ከፍለው ለሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፡፡ በዚህ ስጦታ በ1909 የከተማ ዲዛይን ትምህርት ክፍል ተከፈተ፤ በብሪታንያ የመጀመሪያው መሆኑ ነው፡፡ እንግዲህ እኛ ዛሬ የምንማረው ሙያ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ወንበር ያገኘው በስም ማጥፋት ካሳ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም፡፡ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ስታንሊ አድሼድ ነበሩ፡፡ አበርክሮምቢ ደግሞ በ1910 የጀመረውን ታውን ፕላኒንግ ሪቪው የተባለ መጽሔት በአዘጋጅነት ያዙ፡፡ ገና የ31 ዓመት ሰው ናቸው፡፡ መጽሔቱን ለመሙላት የበርሊንን፣ የቪየናን፣ የብራስልስን ፕላን እያጠኑ ይጽፉ ነበር፡፡ ብዙዎቹን ከተሞች የተማሯቸው በዚህ መንገድ፣ ስለ እነሱ በመጻፍ ነው፡፡ አድሼድ ወደ ለንደን ከሄዱ በኋላ በ1915 ወንበሩን ወረሱ፤ ሃያ ዓመት ቆዩበት፡፡ በ1935ም አድሼድን ተክተው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆኑ፡፡

በ1914 ለደብሊን ከተማ ፕላን በወጣ ውድድር ከሁለት ባልደረቦች ጋር ገቡና አሸነፉ፡፡ ከዳኞቹ አንዱ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ ነበሩ፤ ፕላን ከመሥራትህ በፊት ቦታውን አጥና የሚለውን ትምህርት ለሙያው ያስተማሩት ሰው ማለት ነው፡፡ ውጤቱ የተነገረው በ1916 ነው፤ ያ ዓመት የአየርላንድ አመፅ የደብሊንን መሐል ያቃጠለበት ነው፡፡ ፕላኑ በ1922 ታተመ፣ ብዙው ግን ወረቀት ላይ ቀረ፡፡ የጌዲስ ትምህርት ግን አልቀረም፡፡ በ1920ዎቹ አበርክሮምቢ የዶንካስተርን የድንጋይ ከሰል አካባቢ፣ ሼፊልድን፣ ምሥራቅ ኬንትን ሲያጠኑ የሥራው መነሻ ጥናቱ ነበር፡፡ ከዶንካስተር ጀምሮ የሚያዩት አንዱን ከተማ ብቻ ሳይሆን ከተማውንም ገጠሩንም የያዘውን ክልል ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፡፡ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የመኖሪያ ቤት ግንባታ እንደ ጎርፍ ወጣ፡፡ አውቶቡስ መጣ፣ የግል መኪና መጣ፣ የኤሌክትሪክ ባቡር ተዘረጋ፤ የእርሻ መሬት ዋጋ ደግሞ ወድቆ ነበር፡፡ ገበሬው መሬቱን ለቤት ሠሪ መሸጥ አዋጣው፡፡ ቤት ሠሪው መንገድ ለማውጣት፣ ውሃ ለማስገባት እንዳይከፍል ነባሩን አውራ መንገድ ይዞ በግራና በቀኝ አንድ ረድፍ ቤት ይደረድራል፡፡ ከረድፉ ጀርባ እርሻ ነው፡፡ እንዲህ እየሆነ ከተማው በመንገዶቹ ላይ እንደ ጥብጣብ ተዘረጋ፡፡ ከአዲስ አበባ በደብረ ዘይት፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ መንገድ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ፎቶግራፍ አያስፈልገውም፡፡

አበርክሮምቢ በ1926 ስለ ገጠሩ መጠበቅ አንድ አነስተኛ ጽሑፍ አሳተሙ፡፡ ጽሑፉ ሰዉን አነቃነቀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ገጠር ጥበቃ ምክር ቤት ተቋቋመ፣ እሳቸውም የክብር ጸሐፊ ሆኑ፡፡ በ1935 በመንገድ ዳር የሚዘረጋውን ግንባታ የሚገድብ ሕግ ወጣ፡፡ በ1938 ደግሞ በለንደን ዙሪያ አረንጓዴ ቀበቶ ለመያዝ የሚያስችል ሕግ ጸደቀ፤ ይህ በዋናነት የአካባቢ መስተዳድሮች መሬት እየገዙ ክፍት አድርገው እንዲያቆዩ የሚፈቅድ ነበር፡፡ የቀበቶው ሐሳብ የአበርክሮምቢ ፈጠራ አይደለም፡፡ ኤበኔዘር ሃዋርድ በአትክልት ከተሞቻቸው፣ ሬይመንድ አንዊን ለለንደን ባቀረቡት ጥናት ቀድመዋቸዋል፡፡ ሃዋርድ ሌችወርዝንና ዌልዊንን አስገንብተው ሐሳቡ እንደሚሠራ አሳይተዋል፡፡ የአበርክሮምቢ ድርሻ የተበታተነውን ሐሳብ ሰብስቦ አንድ ትልቅ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ከመፍጠር አያንስም፡፡

በ1937 መንግሥት የኢንዱስትሪውንና የሕዝቡን ሥርጭት የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ፤ በሰብሳቢው ስም የባርሎው ኮሚሽን ይባላል፡፡ አበርክሮምቢ አባል ነበሩ፡፡ በ1940 ሪፖርቱ ሲወጣ በአብዛኛው አባላት ሐሳብ አልረኩም፤ ጠንካራ ማዕከላዊ የፕላን ባለሥልጣን ያስፈልጋል ብለው ከጥቂቶች ጋር የተለየ ሪፖርት ፈረሙ፡፡ ለንደን በ1939 8.6 ሚሊዮን ሰው ደርሳ ነበር፡፡ ይህን ቁጥር እንደገና ያለፈችው በ2015 ነው፡፡

ከዚያ ቦምቡ ወረደ፡፡ የጀርመን አውሮፕላኖች የለንደንን ምሥራቅ ሲያፈርሱ የመንግሥት ሰዎች ስለ መልሶ ግንባታ ማሰብ ጀመሩ፡፡ አበርክሮምቢ ከለንደን ካውንቲ አርክቴክት ከጆን ፎርሾ ጋር በ1943 የካውንቲውን ፕላን አወጡ፡፡ በ1944 ደግሞ በብቻ ኃላፊነት ታላቁን የለንደን ፕላን አጠናቀቁ፡፡ በመካከሉ በ1942 ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፡፡ የ60ዎቹ እድሜ አጋማሽ ላይ ያሉ፣ ባለ አንድ ዓይን መነጽር፣ ሚስት የሞተባቸው ሽማግሌ በጦርነት መሐል ከለንደን ሌላ የፕሊመዝን፣ የሃልንም ፕላን ይሠሩ ነበር፡፡

የ1944ቱን ፕላን ዘርዘር አድርገን ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ቀበቶውን ብቻ ነው የምናውቀው፡፡ ፕላኑ የለንደንን አካባቢ በአራት ቀለበት ከፈለው፡፡ መጀመሪያ የተጨናነቀው የውስጥ ከተማ፣ ቀጥሎ የመኖሪያ ሰፈሮች፣ ሦስተኛው ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አረንጓዴ ቀበቶ፣ አራተኛው ከቀበቶው ውጭ ያለው ገጠር፡፡ አሁን ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፡ ሰዉ ከውስጥ ካልቀነሰና የሚሄድበት ቦታ ካልተዘጋጀለት ቀበቶ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ይበጠሳል ወይም ከውስጥ ያለውን ያንቃል፡፡ ስለዚህ ከውስጥ ከተማው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዲወጣ ታሰበ፡፡ ከዚህ 400 ሺህ የሚጠጋው በቀበቶው ማዶ በሚቆረቆሩ አዳዲስ ከተሞች፣ ሌላው በነባር ከተሞች ማስፋፊያ እንዲሰፍር፡፡ ሥራም አብሮ ይሄዳል፤ ፋብሪካው ካልሄደ ሰዉ በየቀኑ ተመልሶ ይመጣልና፡፡ ለአዳዲሶቹ ከተሞች አሥር ቦታ ጠቆሙ፡፡ መንገዶቹ ደግሞ ከመሐል የሚወጡና ዙሪያውን የሚከቡ ሆነው ተሣሉ፡፡

በካውንቲው ፕላን የሕዝብ ጥግግቱ በሦስት ደረጃ ተመደበ፤ በኤከር 200፣ 136 እና 100 ሰው፡፡ መካከለኛው በሄክታር 336 ሰው ገደማ ይመጣል፡፡ የአትክልት ከተማ ወገኖች በዚህ ተቆጡ፡፡ 136 ማለት ብዙውን ሰው ፎቅ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ እንግሊዛዊ ደግሞ ግቢ ያለው ቤት ይፈልጋል አሉ፡፡ አበርክሮምቢ በሁለት በኩል ተወቀሱ፡፡ አንዱ ሰው አስወጣህብን ይላል፣ ሌላው በቂ ሰው አላስወጣህም ይላል፡፡ ኮንዶሚኒየም ላይ የምናደርገውን ክርክር የሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም፡፡

በ1946 የአዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ፡፡ የመጀመሪያዋ ስቲቨኔጅ ነች፤ ከለንደን በስተሰሜን ያለች 6 ሺህ ገደማ ነዋሪ የነበራት ትንሽ ከተማ፣ ከአሥሩ የአበርክሮምቢ ቦታዎች አንዷ፡፡ የፕላን ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ለነዋሪው ሊያስረዱ ወደ ስፍራው ሲሄዱ ሕዝቡ በጩኸት ተቀበላቸው፤ የመኪናቸውን ጎማ ያስተነፈሰም አልጠፋ፡፡ የባቡር ጣቢያው ምልክት ላይ ሲልኪንግራድ ብለው ጻፉበት፤ እንደ ስታሊንግራድ ማለታቸው ነው፡፡ ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጉዳዩ እስከ ላይኛው ችሎት ደርሶ በ1947 ተሸነፉ፡፡

ተቃዋሚዎቹ ቤታቸውንና እርሻቸውን የሚያጡ ሰዎች ነበሩ፡፡ በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ መሬትን የማልማት መብት የመንግሥት አደረገው፡፡ በዚህ ምክንያት መሬት ሲወሰድ የሚከፈለው ካሳ መሬቱ በያዘው አገልግሎት ልክ ሆነ፤ እርሻ ከሆነ በእርሻ ዋጋ፡፡ ነገ ከተማ ሲሆን የሚያወጣው ዋጋ አይቆጠርም፡፡ ምክንያቱ አሳማኝ ነው፡፡ ዋጋው ያደገው በባለመሬቱ ጥረት ሳይሆን በፕላኑ ነው፤ ስለዚህ ጭማሪው መንገድና ትምህርት ቤት ለሚሠራው የልማት ድርጅት ይሁን ነው ነገሩ፡፡ ግን አጥሩ ድረስ ቀለበት ለተሣለበት ገበሬ ይህ አያጽናናም፡፡ የቀለበቱ መስመር በአንዱ ማሳ በዚህ በኩል ሲያልፍ ገበሬው ገበሬ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቦታውን ለቆ ይሄዳል፡፡ አበርክሮምቢ ገጠሩን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ገጠሩን ሲሉ ግን በብዛት የሚታያቸው መልክዓ ምድሩ ይመስለኛል፣ ሰዉ ወደ ኋላ ይቀራል፡፡ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ አስተማሪዎቼ ላይስማሙ ይችላሉ፡፡

ክብሩ በዚህ ጊዜ ዘነበላቸው፡፡ በ1945 ሰር ተባሉ፤ በ1946 የእንግሊዝ አርክቴክቶች የወርቅ ሜዳሊያ፣ በ1950 የአሜሪካውያኑን አገኙ፤ በ1948 የተቋቋመው የዓለም አርክቴክቶች ኅብረት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ፡፡ የሆንግ ኮንግን፣ የክላይድ ሸለቆን፣ የኤዲንበራን ፕላን ሠሩ፡፡ የባዝ ከተማንም በ1945 ሠርተዋል፡፡ ባዝ ማለት አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩባት ከተማ ናት፤ ግጥጥሞሽ ነው እንጂ ከእኛ ጉዳይ ጋር አያገናኘውም፡፡

ወደ አዲስ አበባ የደረሱት በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ነው፡፡ በ1956 የቀረበው ማስተር ፕላን የለንደኑ ታናሽ ወንድም ይመስላል፡፡ ከመሐል የሚወጡና የሚከቡ መንገዶች፣ ራሳቸውን የቻሉ የጉርብትና ሰፈሮች፣ አረንጓዴ ቦታዎች፣ በዙሪያው ሳተላይት ከተሞች፡፡ ከዚያ በኋላ ቦልተን ሄኔሲ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1959 ሥራውን አስፋፍቶ አቀረበ፡፡ በ1961 ቆጠራ አዲስ አበባ 444 ሺህ ገደማ ሰው ነበራት፡፡ ለዚያ መጠን ሳተላይት ከተማ ማሰብ ቅንጦት ነበር የሚሉ አሉ፡፡ እኔ የሚታየኝ ችግር ሌላ ነው፡፡ የለንደን ፕላን ኋላው ላይ ሕግ ነበረው፤ መሬት የሚወስድ፣ ካሳ የሚከፍል፣ የልማት መብትን የያዘ መንግሥት ነበረው፣ ብድር ነበረው፡፡ አዲስ አበባ ላይ የመጣው ሥዕሉ ብቻ ነው፡፡ የከተማው መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ እነሱ ለማን፣ የት፣ መቼ እንደሚሸጡ ፕላኑ ሊያዛቸው አይችልም፡፡ በ1975 ያ መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ደግሞ የአበርክሮምቢ ፕላን መደርደሪያ ላይ ገብቶ ነበር፡፡

ስለ መስኩ ልጨርስ፡፡ የወጣነው ኮንዶሚኒየም ወደተሠራበት አንድ የምሥራቅ ዳርቻ ነው፡፡ እዚያ በጥበቃነት የሚሠሩ አንድ አባት አገኘን፡፡ የሚጠብቁት ብሎክ የቆመው የራሳቸው የጤፍ ማሳ ላይ ነበር፡፡ ካሳው የተሰላው በ2005 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት፣ የአምስት ዓመት አማካይ ምርት በአሥር ተባዝቶ ነው፡፡ (ይህ አዋጅ በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1161 ተተክቷል፡፡) ገንዘቡን ተቀበሉ፣ ቤት ሠሩበት፣ የቀረውን በሁለት ዓመት በሉት፡፡ የእኛን ካርታ አይተው የጠየቁን ነገር ቢኖር መስመሩን እዚህ ጋ ያሰመረው ማን እንደሆነ ነው፡፡ እኛ አራት ነበርን፤ አራታችንም ዝም አልን፡፡ ከተማውን ከዙሪያው ጋር ያያያዘው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2014 ይፋ ሲሆን ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል፤ በጥር 2016 እንዲቀር ተደርጓል፡፡ ስለ እሱ ብዙ ተብሏል፤ ለእኔ ግን ያ ሁሉ ያን የአባባን ጥያቄ መልሶ መጠየቅ ነው፡፡ ስቲቨኔጆችም የጠየቁት ይህንኑ ነበር፡፡ እነሱ የሚጮኹበት ስብሰባና የሚሄዱበት ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ ተሸነፉ እንጂ ተሰምተዋል፡፡ የእኛ አባባ መስመሩን ያወቁት ቀያሾቹ ችካል ሲተክሉ ነው፡፡

ሰር ፓትሪክ በመጋቢት 1957 በእንግሊዝ በርክሺር በ77 ዓመታቸው አረፉ፡፡ የአዲስ አበባው ፕላን ከቀረበ ገና አንድ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፡፡ ሲሞቱ በለንደን ዙሪያ ስምንት አዳዲስ ከተሞች እየተሠሩ ነበር፤ ስቲቨኔጅና ሃርሎ እሳቸው በጠቆሟቸው ቦታዎች፣ ሌሎቹ በብዛት ሌላ ቦታ፡፡ አንድ ነገር ግን አሳስቷቸዋል፡፡ ፕላኑ የቆመው የአካባቢው ጠቅላላ ሕዝብ ብዙም አይጨምርም በሚል ግምት ነበር፡፡ ሕዝቡ ጨመረ፤ ሥራውም ከለንደን እንደታሰበው አልወጣም፡፡ ቀበቶው ሳይበጠስ ቀረ፤ ሰዉ ግን ዘሎት ማዶ ሰፈረና በየቀኑ በባቡር ይመላለስ ጀመር፡፡ በ1967 ሚልተን ኪንስን የመሰለ ትልቅ ከተማ በሩቅ መቆርቆር አስፈለገ፡፡ ከከበቧቸው መንገዶች የውጪዎቹ ተዋሕደው በ1986 ኤም 25 ሆነው ተጠናቀቁ፤ የውስጦቹን ግን ነዋሪው ተቃውሞ አብዛኛውን አስቀርቷቸዋል፡፡

ቀበቶው ዛሬ 500 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው፤ ከራሷ ከለንደን ሦስት እጥፍ ይበልጣል፡፡ የቤት ዋጋን ያስወደደው እሱ ነው የሚሉ የኢኮኖሚ ሰዎች አሉ፤ እሱ ባይኖር ለንደን እስከ ባሕሩ ትደርስ ነበር የሚሉም አሉ፡፡ በታኅሣሥ 2024 የብሪታንያ መንግሥት ከቀበቶው ውስጥ ጥቅሙ አነስተኛ የሆነውን መሬት ግራጫ ቀበቶ ብሎ ለይቶ ቤት እንዲሠራበት መመሪያ አወጣ፡፡ የትኛው ማሳ ግራጫ፣ የትኛው አረንጓዴ ይባል የሚለው ክርክር አሁን ወደየአካባቢው ምክር ቤት ወርዷል፡፡